ርካሽ ሶላር ፓኔል፡- ቀሪውን ሒሳብ ማን ይከፍላል?



ውድ አንባቢያን! እንደሚታወቀው በአገራችን የመብራት መስመር ያልደረሰባቸው መንደሮች እጅግ ብዙ ናቸው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት በቤቱ የለውም። በዚህም ምክንያት ከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ገንዘብ አዋጥተን፣ በዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችንም አግዘውን፣ ለትውልድ መንደራችን መስጊድና መድረሳ ሶላር ገዝተን መላክ የተለመደ በጎ ሥራ ሆኗል። ሥራው ኸይር ነው። ይሁን እንጂ ኸይር ሥራ በጥሩ ኒያ ብቻ አይሟላም፤ እውቀትና ጥንቃቄም ይፈልጋል። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን እኔው ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ወሎ በምትገኘው የእናቴ መንደር ለመስጊዱና ደረሶቹ ለሚቀሩበት ክፍል ሶላር እንዲገዛ ተወሰነ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ አዲስ አበባም ነህ» ተብዬ የግዢው ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ገንዘቡ ከብዙ እጅ የተሰበሰበ ነበር። ዶሮ ሸጣ የሰጠች እናት አለች፤ ከቤት ሠራተኝነት ደመወዟ ከጅዳ የላከች ልጅ አለች። እኔም አራት አምስት ሱቅ ዞሬ፣ ዋጋ ጠይቄ፣ ተከራክሬ፣ ከሁሉም የረከሰውን ገዛሁ። ሁለት ፓኔሎች፤ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ «250 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያተረፍኩትን ገንዘብ ሳስብ ልቤ በደስታ ተሞልቶ ነበር።

በ8 ወር ውስጥ ባትሪው ሞተ። መብራቱ ከመግሪብ እስከ ዒሻ እንኳ መዝለቅ አቃተው። ደረሶቹ ወደ ኩራዛቸው ተመለሱ። እኔም አንድ የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ወጣት ይዤ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ወጣቱ ባትሪውን ከመንካቱ በፊት ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ፓኔሉን ለካ። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ ይሄ ከ100 ዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም» አለኝ። «ወረቀቱ 250 ይላል እኮ» ብለው «ወረቀቱን ማንም ይጽፈዋል፤ ስፋቱን ግን ማንም ሊዋሽ አይችልም» ሲል መለሰልኝ።

ኢማሙ አጠገባችን ቆመው ያዳምጡ ነበር። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፡- «ልጄ፣ እኛ እህል ስንሸምት በጆንያው አፍ ያለውን ብቻ ዓይተን አንገዛም፤ እጃችንን ሰድደን ከሥር ያለውን እናወጣለን። የዚህ ዕቃ ሥሩ የት ነው?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በእርግጥም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰድደው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ፣ ሻጩም ዝናብ መትቶት ነው ሲል ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ እንዳስጠነቀቁ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ታዲያ በሶላር ፓኔል ከሥር ያለው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንደኛው የዕቃው ጥራት፣ ሁለተኛው የገንዘቡ እውነተኛ ሒሳብ፣ ሦስተኛው ዕቃውን የሠራው እጅ ነው።

የዕቃው ሥር፡- ጥራት

በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1000 ዋት ያህል ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎች ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ተግባራዊ የሲሊከን ሴል ለሕዝብ ሲያሳዩ ከዚህ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ደህና ፓኔል ከ20 እስከ 23 በመቶ ያህሉን ይለውጣል። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁመቱን በስፋቱ ማባዛት፣ በ1000 ማባዛት፣ ከዚያ አንድ አምስተኛውን መውሰድ። የእኔ ፓኔል ግማሽ ካሬ ሜትር ነበር። የሚያርፍበት ፀሐይ 500 ዋት ነው፤ አንድ አምስተኛው 100 ዋት ይሆናል። 250 ዋት እንዲሰጥ ከተፈለገ ከፀሐዩ ግማሹን መለወጥ ነበረበት። በሱቅ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ፓኔል በዓለም ላይ የለም። ይህን ለማወቅ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ በቂ ነበር!

ሁለተኛው መፈተኛ ቴስተር ነው። ፓኔሉን ከሱቁ አውጥቶ ቀትር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥና ባለሙያ እንዲለካው ማድረግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ብዙ ሻጮች ቮልቱን ብቻ ለክተው ያሳያሉ፤ ቮልቱ ግን በትንሹም ፓኔል ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚያጋልጠው አምፔሩ ነው። በጀርባው ላይ የተጻፈው አምፔር በጠራ ፀሐይ ላይ ከሚለካው ጋር በጣም ከተራራቀ ወረቀቱ ውሸት ነው።

ሦስተኛው የምስክር ወረቀት ነው። አይ.ኢ.ሲ 61215 የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ፓኔል በብርድና በሙቀት መካከል፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ፣ 200 ጊዜ እየተመላለሰ እንዲፈተን ይጠይቃል። በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥም 1000 ሰዓት ይቆያል፤ የበረዶ ድንጋይም ይወረወርበታል። አይ.ኢ.ሲ 61730 ደግሞ የኤሌክትሪክና የእሳት አደጋን ይመለከታል። ቁጥሮቹ በወረቀቱ ላይ መጻፋቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የአምራቹን ስም፣ የሞዴሉን ቁጥርና የመለያ ቁጥሩን ይዞ ከአምራቹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአምራች ስም የሌለው ፓኔል ግን አባቱ የማይታወቅ ዕዳ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለነጋዴ ወንድሞቼ አንድ ነገር ልናገር። «ፋብሪካው አታለለን» የሚለውን አቤቱታ ሁልጊዜ መቀበል ያስቸግራል። በንግዱ ውስጥ ያለ አንድ ወዳጄ ያለ እፍረት «ፋብሪካው የምታዝዘውን ቁጥር ይጽፍልሃል» ብሎኛል። እንግዲያው ውሸቱ የተጻፈው በቻይና ቢሆንም የታዘዘው እዚሁ በእኛ አገር ነው። ያገለገለ ፓኔል አጥቦ አዲስ ነው ብሎ መሸጥም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። በሚዛን የሚያጎድሉትን የምታስጠነቅቀው ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደችው በስፍርና በሚዛን ዘመን ነበር። የዛሬው ስፍር ዋት ነው፤ ዋት ማጉደልም ስፍር ማጉደል ነው።

የገንዘቡ ሥር፡- እውነተኛው ሒሳብ

«ድሃ ነን፤ ርካሹን ከመግዛት ሌላ ምን አማራጭ አለን?» የሚል ሰው ይኖራል። አባባሉ ተገቢ ይመስላል። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከብዷል። ቢሆንም ሒሳቡን እስቲ አብረን እንሥራው። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዷቸው።

«250 ዋት» የተባለ አጠራጣሪ ፓኔል 5,000 ብር ነው እንበል። እውነተኛው 250 ዋት ደግሞ 8,000 ብር። በወረቀት ስናየው የመጀመሪያው 1 ዋት በ20 ብር፣ ሁለተኛው በ32 ብር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ነገር ግን የመጀመሪያው በእውነት የሚሰጠው 90 ዋት ቢሆን 1 ዋት የተገዛው በ55 ብር ነው። «ርካሹ» ከ«ውዱ» በላይ ውድ ሆነ ማለት ነው! ዕድሜውን ስንጨምርበት ደግሞ ጉዱ ይብሳል። አጠራጣሪው በ3 ዓመት ቢበላሽ 1 ዋት በዓመት 18 ብር ከ50 ያስወጣናል። ደህናው 20 ዓመት ቢያገለግል 1 ዋት በዓመት ከ2 ብር ያነሰ ነው። ደህና አምራቾች ከ25 ዓመት በኋላም ፓኔሉ ከመነሻ ኃይሉ 80 በመቶ ያህሉን እንደሚሰጥ ዋስትና የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በእኛ መስጊድ የደረሰው ኪሳራ ከዚህም ያለፈ ነበር። የሚያስፈልገንን አስልተን ነበር። 10 አምፖሎች እያንዳንዳቸው 10 ዋት ሆነው 5 ሰዓት ቢበሩ 500 ዋት ሰዓት፤ ለአዛን ማጉያው 100፤ ለጀመዓው ስልክ መሙያ 200፤ በድምሩ 800 ዋት ሰዓት በቀን። በአገራችን አብዛኛው ቦታ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ይገኛል ብለን ብናስብና በሽቦ፣ በሙቀትና በባትሪ የሚባክነውን 30 በመቶ ብንቀንስ 230 ዋት ያህል ፓኔል ይበቃል፤ ለክረምቱ ደመና መጠባበቂያ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ። «500 ዋት አለን» ብለን ተዝናናን። በእጃችን የነበረው ግን 200 እንኳ አይሞላም። የአሲድ ባትሪ ደግሞ በየቀኑ ሳይሞላ ከቀረ ውስጡ እየደነደነ ይሞታል። ስለዚህ የፓኔሉ ውሸት ምንም ጥፋት ያልነበረበትን ባትሪ ገደለ። በዋጋ ክርክር ያተረፍኩት ገንዘብ የባትሪውን ሩብ እንኳ አይሸፍንም ነበር።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ፓኔል ከቻይና ፋብሪካ በጅምላ ሲወጣ ዋጋው ለ1 ዋት 10 የአሜሪካ ሣንቲም አካባቢ ደርሶ ነበር። ደህናው ዕቃ ራሱ ከምንጩ እንዲህ ከረከሰ ውሸት የሚሸጥበት ምክንያት ድህነት አይደለም፤ የገዢው አለመጠየቅ ነው።

የማናየው ሥር፡- የሠራው እጅ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ሁለተኛውን ግዢ ከማካሄዴ በፊት ስለ ዕቃው ሳነብ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ፓኔል የሚሠራው ከነጭ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ ሲሊከን ይሆናል፤ ሲሊከኑ ተጣርቶ ፖሊሲሊከን ይባላል፤ ከዚያ እንደ ስስ ቂጣ ተቆርጦ ሴል ይሆናል፤ ሴሎቹ ተደርድረው በመስተዋት ሲታሸጉ ፓኔል ይሆናሉ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ የቻይና ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ነው። በእንግሊዝ የሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ ለሶላር ከሚውለው የዓለም ፖሊሲሊከን 45 በመቶ ያህሉ ይመረት የነበረው የኡይጉር ሙስሊሞች አገር በሆነችው ሺንጃንግ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ ያሉ ሰዎች እምቢ ለማለት በማይችሉበት «የሥራ ስምሪት» ፕሮግራም ወደ ፋብሪካዎችና ወደ ድንጋይ መፍጫዎች እንደሚላኩም ማስረጃ አቅርበዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ነሐሴ 31 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኡይጉሮችና በሌሎች ሙስሊሞች ላይ የተፈጸመው የጅምላ እስር በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። የቻይና መንግሥት ይህን ሁሉ ያስተባብላል፤ ጉዳዩ የሙያ ሥልጠናና ድህነት ቅነሳ ነው ይላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ሰዓት ተክዤ ተቀመጥኩ። በአንድ ወሎ መንደር ያለ ደረሳ ቁርኣን በሚቀራበት ብርሃን ውስጥ፣ ቁርኣን በመቅራቱ የታሰረ ሰው ላብ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው? ሠራተኛን አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ ሰው፣ ነፃ ሰውንም ሸጦ ዋጋውን የበላ፣ በቂያማ ቀን ባላጋራቸው አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ ከሚሆንባቸው መካከል መሆናቸው በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ይህ ለሙስሊም ሠራተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለማንኛውም የአደም ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ ፍትሐዊ እንሁን። ከቻይና የመጣ ፓኔል ሁሉ በግዳጅ ሥራ የተሠራ አይደለም። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሌሎች የቻይና ክፍለ ሀገሮች ትላልቅ ፋብሪካዎች በመከፈታቸው የሺንጃንግ ድርሻ ቀንሷል። ተራው የቻይና ሠራተኛና ነጋዴም እንደ ማናችንም እንጀራውን የሚያሳድድ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ከቻይና አንገዛም» ብንል በገበያችን ሌላ የለምና የሚጎዳው ማን ነው? በላምባ ጭስ ዓይኑ የሚቃጠለው ያው ደረሳ ነው። በቅርንጫፍ ጤና ኬላ በጨለማ የምትወልደው ያችው እናት ናት።

ግዢው ሐላል ነው ሐራም ነው ብሎ መፍረድ የእኔ የጋዜጠኛው ድርሻ አይደለም፤ የዑለማዎቻችን ነው፤ ጉዳዩን እንዲመለከቱትም በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ የደረስኩበት ግን ይህ ነው። ያልቻልነውን አንጠየቅም፤ የቻልነውን ግን እንጠየቃለን። የምንችለውም መጠየቅ ነው። ሐላሉ ግልጽ፣ ሐራሙም ግልጽ፣ በመካከላቸው ያለው አጠራጣሪ እንደሆነ ተምረናል። ከአጠራጣሪው ለመራቅ ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ማጣራት ነው።

«የኛ ጥያቄ ማንን ያንቀሳቅሳል?» የሚል ካለ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። አሜሪካ ከሺንጃንግ የሚመጣ ዕቃ በግዳጅ ሥራ አለመሠራቱ ካልተረጋገጠ በስተቀር እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. አውጥታ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ገበያ መግባት የሚፈልጉ አምራቾች የሲሊከናቸውን ምንጭ ከነሰነዱ ለማሳየት ተገድደዋል። ይህም ሕግና የጉምሩክ ቀረጡ ተደምረው አንዳንዶቹ ፋብሪካቸውን ወደ ሌላ አገር አዛውረዋል። በእኛው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ በ2017 ዓ.ም. ለውጭ ገበያ የሚሆን የሶላር ሴል ማምረት ተጀምሯል። እንግዲህ ገዢ ሲጠይቅ ፋብሪካ ይንቀሳቀሳል። የእኛ መስጊዶች፣ መድረሳዎችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት በየፊናቸው ሁለት ሁለት ፓኔል ከሚገዙ በአንድ ላይ ሁለት መቶ ቢገዙ አስመጪው ጥያቄያቸውን ሊንቀው አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለሁለተኛው ግዢ ገንዘቡን ከኪሴ ጨምሬ፣ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ተከትዬ ገዛሁ። ሦስት አስመጪዎችን የሲሊከኑን ምንጭ ጠየቅኩ። አንደኛው ሳቀብኝ። ሁለተኛው «ይህን የሚጠይቅ ሰው ዓይቼ አላውቅም» አለ። ሦስተኛው ለአምራቹ ጽፎ መልስ አመጣልኝ። የገዛሁትም ከእሱ ነው። መልሱ ከጥርጣሬ ሁሉ ነፃ አውጥቶኛል አልልም፤ ቢያንስ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አልገዛሁም።

1ኛ. መጀመሪያ የሚያስፈልገውን በዋት ሰዓት አስሉ፤ ከዚያ ዋጋ ጠይቁ።

2ኛ. ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱና የተጻፈው ዋት ካልተስማሙ ክርክር አያስፈልግም፤ ወጥታችሁ ሂዱ።

3ኛ. ቮልቱን ብቻ ሳይሆን አምፔሩንም ፀሐይ ላይ በባለሙያ አስለኩ።

4ኛ. የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን መዝግቡ፤ የምስክር ወረቀቱን አረጋግጡ፤ ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ተቀበሉ።

5ኛ. ዋጋን በፓኔል ሳይሆን በእውነተኛው ዋትና በሚያገለግልበት ዓመት አካፍሉ።

6ኛ. «ሲሊከኑ ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስመጪው ባያውቅ እንኳ ለአምራቹ እንዲጽፍ ጠይቁት። ግዢው በጨመረ ቁጥር የመጠየቅ ግዴታውም ይጨምራል።

7ኛ. የሞተውን ባትሪ በየሜዳው አትጣሉ። በውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ የመንደሩን አፈርና ውኃ ይመርዛል።

ውድ አንባቢያን! አንድ ዕቃ ከሚገባው በታች ሲረክስ ልዩነቱ በአየር ላይ አይጠፋም። አንዳች ሰው ይከፍለዋል። ወይ ገዢው ከዓመት በኋላ ይከፍለዋል፤ ወይ ምንም የማያውቀው መንደር በጨለማ ይከፍለዋል፤ ወይ ፊቱን የማናየው ሠራተኛ በላቡ ይከፍለዋል። እኔ በመጀመሪያው ግዢ ልዩነቱን ዶሮዋን የሸጠችው እናት እንድትከፍለው አድርጌያለሁ። ሄጄ ዐፍው ብጠይቃት «አብሽር ልጄ፣ ለአላህ ነው የሰጠሁት» አለችኝ። እሷ ለአላህ ብላ ሰጥታለች፤ እኔ ግን የተቀበልኩት አማና ነበር።

አላህ በእጃችን የገባውን አማና በእውቀት የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።